መርገጫ ወይስ መከላከያ

የእህቴ ባል ሰው ሲያመሰግነው እንኳ «ምን ፈልጎ ነው?» የሚል ሰው ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ተረካቢው ይሉታል፤ የግቢያችን ሰው ደግሞ በሌለበት ጋሽ ፍተሻ ይለዋል። ፀጉሩ የሸበተው በአንድ የሳሙና ፋብሪካ መጋዘን በር ላይ ቆሞ ዕቃ ሲረከብ ነው። ለእሱ ከመኪና የሚወርድ ካርቶን ሁሉ ተከሳሽ ነው። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከመሀል፣ አንዱን ከታች ያስመዝዝና ያስከፍታል፤ ይነቀንቃል፣ ያሸታል፣ በጥፍሩ ይፍቃል። ሾፌሮቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ይራገማሉ፤ እሱ ግን እርግማን ፈርቶ የፈረመበት ቀን የለም።

ይህ ጠባይ ከሥራ ልብሱ ጋር መጋዘኑ ውስጥ ተሰቅሎ ቢቀር ደግ ነበር። አብሮት ቤት ይመጣል። ቲማቲም ሲገዛ ከላይ ያለውን አይነካም፤ እጁን ከክምሩ ሥር ሰዶ ይፈለፍላል። አትክልት ሻጯ ከሩቅ ስታየው ሌላ ደንበኛ የምታስተናግድ ትመስላለች። ልብስ ሰፊው፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ፀጉር ቆራጩ ሳይቀሩ ገና ሳይነኩት ይምላሉ። ተው ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አንድ ነገር ግን ልመስክርለት። የመጋዘኑ ሕግ ሁለት ወገን አለው። ከበር ውጭ ያለ ሁሉ ይጠረጠራል፤ ተመርምሮ ከገባ በኋላ ግን ማንም አይነካውም። «የተረከብኩትን ዕቃ ደግሜ አልመረምርም» ይላል በኩራት። ከእህቴም ጋር እንዲሁ ነው የኖረው። ሊያገባት ሲል ዘመዶቻችንን፣ ጎረቤቶቻችንን፣ አብረዋት የተማሩትን ሁሉ ሲያጣራ ከረመ፤ አባታችን በስተመጨረሻ ተናዶ ሊያባርረው ነበር። ካገባት ወዲህ ግን አንድ ቃሏን ተጠራጥሮ አያውቅም። ደህና ነኝ ካለች ደህና ናት፤ በልቻለሁ ካለች በልታለች። ጓደኞቿ በዚህ ይቀኑባታል። እኔም እቀና ነበር፣ ምክንያቱም ከእሷ በቀር ከመጠርጠር የዳነ ሰው አላውቅም።

የምንኖረው አንድ ሕንፃ ላይ ነው፤ እነሱ ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ ምድር ላይ አንዲት ክፍል። ማተሚያ ቤት የማታ ፈረቃ ስለምሠራ ቀን ቀን ቤት ነኝ። ከሕንፃው ፊት መኪና ማቆሚያ አለ፤ መስመሮቹ ጠባብ ናቸው፣ ሰው ከመኪናው ሲወርድ ሆዱን ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። ጋሼ ባለፈው ዓመት ከፍ ያለች፣ ሰባት ሰው የምትይዝ ግራጫ የቤተሰብ መኪና ገዝቶ እዚያ አቆማት። ያገለገለች ናት። ሲገዛት የሻጩን አማት ሳይቀር አግኝቶ ጠይቋል። ሥራ የሚሄደው በፋብሪካው ሰርቪስ ስለሆነ መኪናዋ በሥራ ቀን እዚያው ቆማ ትውላለች፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ቁመቷ ጉድ ነው። እኔ እንኳ ስገባባት ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ይደርሳል፤ እህቴ ደግሞ አጭር ናት። በመጀመሪያ ሰሞን እየሳቀች ትወጣባት ነበር። አንድ ቀን ግን ሦስታችን የታመመ ጎረቤት ጠይቀን ስንወጣ ክሊኒክ በር ላይ፣ ሰው ቆሞ እያየ፣ እግሯን ብታነሳ ብታነሳ እምቢ አላት። ጋሼ ከኋላ መጣና በብብቷ ገብቶ ብድግ አደረጋት፤ «ዞር በሉ፣ ዞር በሉ» እያለ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት። ክፋት የለውም፤ ከባድ ነገር የሚነሣው እንደዚያ እንደሆነ ነው የሚያውቀው። አንዲት ወጣት ሴት ስትስቅ ሰማሁ፤ እህቴም ሰምታለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እህቴ መኪናዋ ታቅለሸልሸኛለች አለች። የወንበሩ ሽታ ነው፣ ሆዴን ያዞረኛል አለች። ጋሼ ወንበሩን አሳጠበ፤ እሷም አሁንም ይሸተኛል አለች፤ አመናት። ገበያ በእግሯ መሄድ ጀመረች፣ ቀስ በቀስም ገበያው ለእኔ ተላለፈ። ዘመድ ጥየቃ ቀረ። ሰው ሲጠይቃት አየሩ አልተስማማኝም ትላለች፤ አየሩ የድሮው አየር ነው።

በዚህ መሀል ሌላ ከተማ ያገባችው ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። መንገዱ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስነዳ ነው። እህቴ በስልክ የሕፃኑን ለቅሶ ስትሰማ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆየች። ጋሼ ግን ወዲያው ወሰነ፤ እሷን መኪና ስለሚያቅለሸልሻት ፈቃድ ሲያገኝ ብቻውን ይሄዳል፣ ሕፃኑን በስልኩ ቀርጾ ያመጣላታል። ይህን ሲል ለእሷ አስቦ ነው። እሷም እሺ አለችው።

ጭረቱ የታየው በዚያው ሰሞን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ሲያጥብ ቆይቶ መስኮቴን አንኳኳ። ወጣሁ። ከፊት ተሳፋሪው በር ሥር ያለችው ላሜራ ላይ ሦስት አራት መስመር ተጭሯል፤ ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ ያለው ነጭ ታይቷል። «ይህ የውጭ እጅ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳያነሳ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እኔ መሆኔ የገባኝ ሞተር ብስክሌቴን ና አምጣት ሲለኝ ነው። በስንዝር ለካ። መሪው ከጭረቱ በላይ ሆነ፣ የእግር ማሳረፊያው ከጭረቱ በታች ሆነ። ለጊዜው ተለቀቅኩ። ጭረት ከምጭር እጄን ብቆርጥ እመርጣለሁ ብዬ ተቆጥቼ ገባሁ፤ ሳምንቱን ሙሉም ፎቅ ሳልወጣ ከረምኩ።

ቀጥሎ ዘበኛው ተጠየቀ፤ የመጥረጊያው እንጨት ጫፍ ተመረመረ። ከዘበኛው በኋላ ነገሩ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ዞረ። ሐኪሙ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ሰውነቱ ደልደል ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ትንሿን መኪናውን ከጋሼ መኪና በስተቀኝ ያቆማል። ጋሼ እግሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ በርዎን እስቲ ይክፈቱት አለው። ከፈተ። የበሩ ጠርዝ ከጭረቱ በጣም ከፍ ብሎ ቆመ። እኔ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን አሰበና፣ ዶክተሩ ውስጥ ሲቀመጡ መኪናው ዝቅ ይላል አለ። ሐኪሙ ቀላ። አጠገቡ ያለውን ሳይነካ ጥርስ ሲነቅል የኖረ ሰው መሆኑን፣ የጎረቤት መኪና ሳይነካ መውረድም እንደማያቅተው ተናግሮ ሄደ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ እንዲህ ያለ መልስ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው የሚመልሰው አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ደረጃ ላይ ሲገናኙ አንዱ ግድግዳ አንዱ ጣሪያ ማየት ጀመሩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የመኪና ዕቃ ከሚገጥሙበት ሱቅ ወሰደኝ። ግድግዳው ላይ ሁለት ዓይነት ነገር ተሰቅሏል። አንደኛው የጎን መርገጫ ነው፤ ጠፍጣፋ ሰፊ ብረት፣ በላዩ ላይ የማያንሸራትት ጎማ የተነጠፈበት፣ ከበሩ ሥር ዝቅ ብሎ የሚታሰር። ሁለተኛው የጎን መከላከያ ነው፤ ወፍራም ክብ ቧንቧ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ከመኪናው አካል ወጣ ብሎ የሚቀመጥ። ሻጩ አስረዳን። ሌላ መኪና ከጎን ቢጠጋ ቀድሞ የሚገጨው ቧንቧውን ነው፤ ላሜራው ይተርፋል። መርገጫው ግን ከግጭት ያን ያህል አያስጥልም፤ ለመውጣት ለመውረድ ነው። በቧንቧው ላይ መቆም ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ክብ ስለሆነ ያንሸራትታል፣ ለዚያ አልተሠራም አለ። ከዚያም መኪናው ላይ የሚሳፈረው ማን ማን ነው ብሎ ጋሼን ጠየቀው።

ያችን ባይጠይቅ ይሻለው ነበር። ጋሼ ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ። የቤተሰቤን ቁጥር ምን ይሠራለታል አለ። ደግሞ መርገጫዎቹ ላይ ያለውን አቧራ አይተሃል አለ፤ አልሸጥ ያለው ዕቃ ነው፣ ሊያራግፍብን ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ታይቶኝ ነበርና ደፍሬ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ መርገጫው ለእትዬ ይበጃት ነበር። መኪናዋ ከፍ ትልባታለች።»

«እሷን ያስቸገራት ከፍታው አይደለም» አለኝ። «ሽታው ነው። በአፏ ነግራናለች።»

ምን ይባላል? ቧንቧው ተመረጠ። ሲገጠም ከመኪናዋ ሥር ከሠራተኛው ጎን ተጋድሞ እያንዳንዷን ቡሎን በጣቱ ሞከረ። ግቢ ስንደርስ እህቴን ከሰገነት ጠርቶ አስወረዳት። ቧንቧውን በእጇ ዳሰሰችው፣ ከላሜራው ምን ያህል እንደራቀ አየች፣ ከዚያ «ይህ ይነቀላል?» አለች። ሊነቀል አልገጠምኩትም ብሎ ሳቀ። ግድግዳውን ይዛ ደረጃውን ወጣች። ያን ቀን ነበር የሆነ ነገር እንዳለ ልቤ የጠረጠረው፤ ግን የእሷ ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል አላወቅኩም።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሼ እንደገና መስኮቴን አንኳኳ። ፊቱ ጠቁሯል። የቧንቧው ቀለም አንድ ቦታ ላይ ተፍቆ ብረቱ ወጥቷል፤ በዚያው ቦታ የጫማ ሶል አቧራ አለ። ላሜራውም ላይ አዲስ ጭረት ተጨምሯል። እዚህ ላይ ሰው ቆሟል አለኝ። ነገሩ ከጭረት ወደ ሌብነት ተሻገረ፤ አንድ ሰው ቧንቧው ላይ እየቆመ የመኪናዋን ውስጥ ያጠናል። የእግሩ ዱካ ደግሞ ትንሽ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስካሁን ያሳፍረኛል፣ ያስቀኛልም። ጋሼ የውሃ ቆጣሪ አነባለሁ እያለ ፎቅ ለፎቅ ዞረ። በየበሩ ደጃፍ የተደረደረውን ጫማ ዓይኑን ጣል እያደረገ፣ ሰው ከሌለም ገልብጦ ሶሉን እያየ ከላይ እስከ ታች አዳረሰው። ያላየው የአንድ ቤት ጫማ ብቻ ነው፤ የራሱ ቤት። በመጨረሻ የሐኪሙ ሚስት እግረ ትንሽ መሆኗን ይዞ ተመለሰ። የሐኪም ሚስት ቧንቧ ላይ ቆማ ምን ታደርጋለች ብዬ ጠየቅኩት። ባልና ሚስት አንድ ናቸው አለ። ትዕግሥቴ አለቀ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው የያዝከው፣ የሰው ስም አታጥፋ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ጠበቃ ቆምክላቸው?» አለኝ። ወዲያው ሞተር ብስክሌቴን እንደገና ሲያያት አየሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ቀትር ላይ፣ ተኝቼ ሳለ በኋላ በር በኩል መጥቶ ቀሰቀሰኝ። ጠዋት እንደ ወትሮው ሰርቪስ ይዞ ሄዷል፤ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዶ፣ ለእህቴም ሳይነግር ተመልሷል። ዛሬ እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ አለ። ዘበኛውን ሻይ ጠጣ ብሎ ሸኘውና እኔን አስከትሎ የዘበኛው ጎጆ ውስጥ ገባ። አንድ ወንበር፣ አንድ ሬዲዮ፣ በጋዜጣ የተሸፈነች መስኮት። ወንበሩን ለሁለት ተካፍለን፣ ጋዜጣውን በጥፍሩ ቀዶ በቀዳዳው ወደ ውጭ ማየት ጀመርን። ስልኩን ለመቅረጽ አዘጋጅቷል። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሐኪሙ ሚስት ለሌላ ጉዳይ በዚያ ብታልፍ ጉድ መፍላቱ ነው።

የደረጃው በር ተከፈተና እህቴ ወጣች። የወጥ ቤቷን ባለ ብረት እግር በርጩማ በእጇ አንጠልጥላለች። ጋሼ በጆሮዬ፣ ፀሐይ ልትሞቅ ነው፣ አሁን ሌባው አይቷት ይሸሻል አለኝ። እህቴ ግራና ቀኝ ገልመጥ አለች። ከቀሚሷ ኪስ የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች። የፊት ተሳፋሪውን በር ከፈተች።

ጋሼ ዓይኑን ወደ ቀዳዳው ይበልጥ አስጠጋ። ስልኩ በእጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

በርጩማውን ወደ መኪናዋ አስጠጋች፤ ቧንቧው ከለከላት። ጋደም አድርጋ በቧንቧው ሥር ልትሰደው ሞከረች፤ የብረት እግሩ ላሜራውን ሲፍቅ ድምፁ እኛ ድረስ መጣ። አልሆነላትም፤ መልሳ ከቧንቧው ውጭ አቆመችው። ቀኝ እግሯን በርጩማው ላይ አደረገች፣ በሩ ውስጥ ያለውን የእጅ መያዣ ጨበጠች፣ ተሳበች። ግራ እግሯን ልታነሳ ስትል ፊቷ ተጨማደደ፤ ወረደች። በቡጢዋ ዳሌዋን ተጫነች፣ ቆመች፣ ተነፈሰች፣ እንደገና ሞከረች። አሁንም ወረደች። በሦስተኛው በርጩማው ላይ ሙሉ በሙሉ ቆማ ቀኝ እግሯን ወደ ቧንቧው አሻገረች። ያኔ ጫማዋ ቧንቧው ላይ ተንሸራተተና እግሯ በበርጩማውና በቧንቧው መካከል ገባ። በእጅ መያዣው ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ጋሼ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ ከጎጆው ሳልወጣ እሱ ደርሷል። እጁን ዘርግቶ ሊያነሳት ሲል ግን እህቴ ሳትጮህ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ እንዳትነካኝ አለችው። እጁ አየር ላይ ቆመ። ራሷ ቀስ ብላ ወርዳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የቅልጥሟ ቆዳ ተልጦ ደም አውጥቷል።

«አንቺ ነሽ?» አላት።

«እኔ ነኝ። ጭረቱም የእኔ ነው።»

«ታቅለሸልሸኛለች አላልሽኝም ነበር?»

«አልኩህ። አመንከኝ።» እግሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «ዳሌዬ ነው። ከታመምኩ ቆየሁ። ሰው ፊት እንደ ጆንያ እንዳታነሳኝ ብዬ ነው የደበቅኩህ። የልጄን ልጅ በስልክ አመጣልሻለሁ ስትለኝ ግን አልቻልኩም። ራሴ መውጣት ከተለማመድኩ ይዞኝ ይሄዳል ብዬ ነው።»

ጋሼ ለምን አልነገርሽኝም አለ፣ ለራሱ የሚናገር በሚመስል ድምፅ።

«ዘበኛውን ጠረጠርህ» አለችው። «ወንድሜን ጠረጠርህ። ዶክተሩን ጠረጠርህ፣ የሚስቱን ጫማ ገለበጥህ። እኔን ግን አንዴ ተረክበህ አስገባኸኝና ተመልሰህ አላየኸኝም። ደረጃ ስወጣ ግድግዳ ይዤ ነው። ሌሊት የምተኛው በአንድ ጎኔ ብቻ ነው። አጠገብህ ነኝ። ምናለ አንድ ቀን እኔንም ብትጠረጥረኝ።»

መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። ያ ሁሉ ሰው የሚቀናበት እምነት ለእሷ ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሼ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ በንጹሕ ሱሪው፣ አስፋልቱ ላይ። የትኛው እግርሽ ነው አላት። ግራው አለችው። ከየት ይጀምራል አላት። ሲወጣ ነው ሲወርድ የሚብሰው? ጠዋት ነው ማታ? ተኝተሽ ስትገላበጪስ? እየጠየቀ እሷ እየመለሰች፣ ደግሞ መልሶ እየጠየቀ፣ ዘበኛው ሻዩን ጠጥቶ ሲመለስ ሁለቱም እዚያው ነበሩ። መኪናዋ በሯን እንደከፈተች ቆማለች።

ሐኪም ቤት ወሰዳት። የዳሌዋ መገጣጠሚያ ተበልቷል ተባለች፤ እንቅስቃሴ ታዘዘላት፣ መድኃኒት ተሰጣት፣ መንገድ ላይ ወርዳ እየተንቀሳቀሰች መጓዝ ትችላለች አሏት። ጋሼ ያያትን ሐኪም በጥያቄ አድክሞ አድክሞ ነው የወጣው፤ ያን ቀን ግን ጠባዩ አላስቀየመኝም።

የጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲወጣ አብሬው ወጣሁ፣ ብቻውን ከሄደ ነገር ያበላሻል ብዬ። ሐኪሙ በሩን ገርበብ አድርጎ ሰማው፤ አላስገባንም። ይቅርታ የሚጠይቁኝ ምን ፈልገው ነው አለው። ጋሼ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። ለጭረቱም፣ ለክብደቱም ነገር፣ ለሚስትዎም ጫማ አለ። የጫማውን ነገር ሐኪሙ አልሰማም ኖሮ፣ የምን ጫማ ብሎ በሩን በሰፊው ከፈተው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው ብዬ ገላገልኩ። ሰላምታው የተመለሰው ቆይቶ ነው፣ ለዚያውም በግማሽ።

ሱቁ ስንመለስ ሻጩ አወቀን፣ ፊቱንም ኮስተር አደረገ። ጋሼ ቧንቧውን ንቀልልኝ፣ መርገጫውን ግጠምልኝ አለው። ሰውዬው ዓይነቱ ብዙ ነው ብሎ በጥንቃቄ፣ ቁጣ እየጠበቀ፣ መኪናው ላይ የሚሳፈረው ማን እንደሆነ እንደገና ጠየቀ። ጋሼም ነገረው። ቁመቷን በደረቱ ላይ አሳየው። የታመመው ግራው እግሯ እንደሆነ፣ ያም እግር ሳያማት እስከየት እንደሚነሳ በራሱ ቅልጥም ላይ እጁን አድርጎ አሳየው፤ ቤት ውስጥ በደረጃ ላይ ሲሞክራት ከርሟል። በየትኛው እጇ መያዝ እንደሚቀላት፣ ጫማዋ ሶሉ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ሁሉን ተናገረ። ሻጩ ሰምቶ ሲጨርስ ከሁሉ ዝቅ የሚለውን፣ ሰፋ ያለውን መርገጫ አወረደ። ጋሼ አመሰገነው። ሻጩ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ።

የጉዞው ቀን ጠዋት ሻንጣዎቹን እኔ ጫንኩ። ጋሼ የፊት ተሳፋሪውን በር ከፍቶ ቆሟል። ከፎቁ ሰው ብቅ ብቅ ብሏል፤ የግቢያችን ሰው መንገደኛ ሲሸኝ ማየት ይወዳል። የጥርስ ሐኪሙ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ለመውጣት ቦታ እስኪለቀቅለት ይጠብቃል፤ ክላክስ ግን አላሰማም። እህቴ የደረጃውን ድጋፍ ይዛ ወረደች። ሰው ሁሉ እንደሚያያት አየች። ቀና ብላ ወደ መኪናዋ መጣች።

ጋሼ ሳያስበው እጆቹ ወደ ብብቷ ተነሡ።

«አትንካኝ» አለችው። «ግን እየኝ።»

እጆቹን ወደ ኋላው አጣመረ። ቀኝ እግሯን መርገጫው ላይ አሳረፈች፣ የእጅ መያዣውን ጨበጠች፣ ቆየት አለች። ግራ እግሯ መሬቱን ለቀቀ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ መሀል ላይ አንዴ ቆመ፣ እንደገና ተነሣና ከቀኙ ጎን አረፈ። እህቴ ሁለቱን እግሮቿን ገጥማ መርገጫው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ከእሱ በላይ ሆና ቁልቁል አየችው። እሱ ዓይኑን አልነቀለም፤ እንባው እየወረደ እንኳ አልጠረገውም፤ እጁ ከኋላው ነበር። ከዚያ ዞረች፣ ተቀመጠች፣ እግሮቿን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አስገባች።

«አየህ?» አለችው።

«አየሁ» አለ።

በሩን ራሷ ዘጋችው።